ከዞምቢ ፊልም በኋላ ውይይት እንዴት እንምራ?

በደብረ ማርቆስም ሆነ በቡሬ አዲስ የዞምቢ (ከሞት ተነሥቶ ሰው የሚያጠቃ ፍጡር) ፊልም በጋራ አይታችሁ ስትወያዩ፣ «ወደዳችሁት?» ብላችሁ አትጀምሩ። ይልቁንም እያንዳንዱ ሰው በጣም የደነገጠበትን አንድ ትዕይንት ይናገር፤ ድንጋጤው ከድምፁ፣ ከጨለማው ወይስ ከተዋናዩ ፊት እንደ መጣም ጠይቁት። ክርክሩ ብዙውን ጊዜ የሚጦፈው በዞምቢዎቹ አካሄድ ላይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የዳይሬክተሩ የጆርጅ ሮሜሮ ፊልም እያዘገሙ የሚመጡ ሙታንን ሲያስለምድ፣ የሌላው ዳይሬክተር የዳኒ ቦይል የ2002 (እ.ኤ.አ.) ሥራ ግን በቫይረስ ተይዘው የሚሮጡ ሰዎችን ስላሳየ፣ አፍቃሪዎቹ አንዱን ከሌላው ማስበለጥ ይወዳሉ። ሁለቱንም ወገን እኩል አድምጡ። ፊልሙን ያላየ ሰው ካለ መጨረሻውን አታውሩ፤ በእኔ እምነት ከሁሉ የሚበልጠው ጥንቃቄ ይህ ነው። ዝም ያለውን ደግሞ ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ ለብቻው ጠይቁት።