ስማችሁም ገንዘባችሁም በሰው እጅ፦ በክሪፕቶ መገበያያዎች ልትርቋቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከሁለት ዓመት በፊት ትንሽ ቢትኮይን ወደ ዩኤስዲቲ (ዋጋው ከዶላር ጋር እኩል እንዲሆን የተሠራ ክሪፕቶ) መቀየር ፈለግሁ። ያገኘሁት ድረ ገጽ «ምዝገባ የለም፣ መታወቂያ አንጠይቅም፣ በ10 ደቂቃ ያልቃል» ይላል። ደስ አለኝና ቢትኮይኑን ላክሁ። 10 ደቂቃ አለፈ። አንድ ሰዓት አለፈ። ከዚያ መልእክት መጣ፦ «ግብይትዎ ለምርመራ ተይዟል። ፓስፖርትዎንና ፓስፖርቱን ይዘው የተነሱትን ፎቶ ይላኩ።»

ገንዘቡ በእጃቸው ነው። ምን ላድርግ? ላክሁ። ከ19 ቀን በኋላ ገንዘቤን መለሱልኝ። የፓስፖርቴ ፎቶ ግን እስከ ዛሬ እነሱ ጋ ነው። ድርጅቱ የት አገር እንደሆነ እንኳ ገጹ ላይ አልተጻፈም።

ያኔ ነው የገባኝ። መገበያያ ጋ የምናስቀምጠው አደራ ሁለት ነው፦ ገንዘባችንና ማንነታችን። ስለ ገንዘቡ ሁላችንም እንጨነቃለን። ስለ ማንነታችን ግን የሚጨነቅ ጥቂት ነው፤ እሱ ደግሞ አንዴ ከወጣ አይመለስም። ብዙ ጊዜ የማያቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«መታወቂያ አንጠይቅም» ሲሉ ማመን

የእኔ ስህተት ይሄ ነበር። እንዲህ ያሉ ገጾች የሚገባላቸውን ሳንቲም (ክሪፕቶውን ማለቴ ነው) በመከታተያ ሶፍትዌር ይፈትሻሉ። ሳንቲሙ ከዓመታት በፊት በተሰረቀ ዋሌት (የክሪፕቶ ቦርሳ) ውስጥ ካለፈ፣ እናንተ በንጹህ መንገድ ብታገኙትም ይይዙታል። መታወቂያ የመጠየቅ መብት እንዳላቸውም ማንም በማያነበው ደንባቸው ውስጥ ጽፈውታል።

ስለዚህ ከመላካችሁ በፊት ደንቡን ክፈቱና ገንዘብ ስለመያዝ የሚናገረውን ክፍል ፈልጉ። የድርጅቱ ስም፣ አገሩና ፈቃዱ ተጽፎ እንደሆነ እዩ። ካልተጻፈ ተዉት። በትንሽ ገንዘብ መሞከር ጥሩ ነው፤ ግን ትንሹ አለፈ ማለት ትልቁ ያልፋል ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚያዘው ትልቁ ነው።

መገበያያን እንደ ባንክ ማየት

መተግበሪያው ላይ «0.1 ቢትኮይን አለዎት» ይላል። ቢትኮይኑ ግን እናንተ ጋ የለም። ቁልፉ፣ ማለትም ሳንቲሙን የሚያንቀሳቅሰው ምስጢራዊ ኮድ፣ ያለው ድርጅቱ ጋ ነው። እናንተ የምታዩት ድርጅቱ «ይህን ያህል አለብኝ» ብሎ የጻፈውን የዕዳ መዝገብ ነው።

የቶኪዮው ማውንት ጎክስ በጊዜው ከሁሉም የሚበልጥ የቢትኮይን መገበያያ ነበር። በየካቲት 2014 ከሰርኩ ሲል ወደ 850,000 ቢትኮይን ጠፍቷል ተባለ። ወደ 200,000 የሚሆነው በኋላ ተገኘ። ደንበኞቹ ሳንቲማቸውን መቀበል የጀመሩት በሐምሌ 2024 ነው። አሥር ዓመት ጠብቀው ማለት ነው።

ካናዳ ውስጥ ኳድሪጋ የሚባል ነበር። መሥራቹ በታኅሣሥ 2018 ሕንድ ውስጥ ሞተ። ድርጅቱ የዋሌቶቹን ቁልፍ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር አለ። ሰው ሁሉ «አይ መከራ!» ብሎ አዘነ። በ2020 ግን የኦንታሪዮ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ተቆጣጣሪ መርምሮ እውነቱን አወጣው። ሰውዬው በሕይወት እያለ የደንበኞቹን ገንዘብ ራሱ እየነገደበት ጨርሶታል። በአማርኛ አደራ በላ ይባላል።

ኤፍቲኤክስ ደግሞ ታዋቂ ሰዎች የሚያስተዋውቁት፣ በስታዲየም ላይ ስሙ የተሰቀለ መገበያያ ነበር። በኅዳር 2022 ወደቀ። የደንበኞችን ገንዘብ በጓሮ በር ለእህት ኩባንያው ለአላሜዳ እየሰጠ ነበር። የጎደለው ወደ 8 ቢሊዮን ዶላር ይደርሳል። መሥራቹ ሳም ባንክማን-ፍራይድ በመጋቢት 2024 የ25 ዓመት እስራት ተፈረደበት። እና ትልቅ ስምና ማስታወቂያ ምን አተረፈ?

አሁን አንዳንድ መገበያያዎች «ይህን ያህል ሳንቲም አለን» የሚል ማረጋገጫ ያወጣሉ። ከምንም ይሻላል። ግን ያላቸውን አሳይተው ያለባቸውን ካላሳዩ፣ ግማሽ ታሪክ ነው የነገሯችሁ። በቅርቡ የምትሸጡትን ወይም የምትቀይሩትን ብቻ እዚያ ተዉ። የቀረውን ቁልፉን ራሳችሁ ወደያዛችሁት ዋሌት አውጡ። የማውጫው መንገድ መሥራቱን ደግሞ ችግር ሳይመጣ አሁን ሞክሩት።

መታወቂያ መላክን ቀላል አድርጎ ማየት

ፈቃድ ያለው መገበያያ መታወቂያ መጠየቁ ሕጉ ስለሚያስገድደው ነው፤ እሱ አያጣላንም። ጥያቄው የላክነው ነገር በኋላ ማን እጅ ይገባል ነው።

ኮይንቤዝ የአሜሪካ ትልቁ መገበያያ ነው። በግንቦት 2025 ራሱ እንዳሳወቀው፣ ወንጀለኞች ከአሜሪካ ውጭ ለሚሠሩ የደንበኛ አገልግሎት ሠራተኞቹ ጉቦ ሰጥተው ወደ 70,000 የሚጠጉ ደንበኞችን መረጃ አወጡ። ስም፣ የቤት አድራሻ፣ ስልክ፣ የመታወቂያ ፎቶ፣ የአካውንት ቀሪ ሒሳብ ጭምር። ከዚያ 20 ሚሊዮን ዶላር ካልከፈላችሁን አሉ። ድርጅቱ እምቢ ብሎ ያንኑ 20 ሚሊዮን ወንጀለኞቹን ለሚጠቁም ሰው ሽልማት አደረገው።

የይለፍ ቃል አልተሰረቀም። ግን አስቡት። አንድ ሰው ይደውልላችኋል። ስማችሁን ያውቃል። ሰፈራችሁን ያውቃል። ስንት እንዳላችሁም ያውቃል። «ከመገበያያው ነው የምደውለው፣ አካውንትዎ ተጠቅቷል፣ ገንዘቡን ቶሎ ወደዚህ ያዛውሩ» ይላል። ስንቶቻችን እንጠረጥራለን?

ሌላው ነገር፣ መረጃችን ያለ ሌባም ሊወጣ ይችላል። ሴልሲየስ የሚባለው የክሪፕቶ አበዳሪ በ2022 ሲከስር፣ በኪሳራው ችሎት የደንበኞቹ ስምና ግብይት ለሕዝብ ክፍት በሆነ ሰነድ ላይ ወጣ። ከ14,000 ገጽ በላይ ነው። ማንም አልሰረቀም፤ የፍርድ ቤት አሠራር ነው።

በአምስት ቦታ አትመዝገቡ፤ አንድ ወይም ሁለት ይበቃል። ለዚህ ብቻ የሚሆን ኢሜይል ክፈቱ። የማትጠቀሙበትን አካውንት ዝጉና መረጃችሁ እንዲሰረዝ በጽሑፍ ጠይቁ። አውሮፓ ያላችሁ ይህን የመጠየቅ መብት በሕግ አላችሁ፤ ምንም እንኳ የፀረ ገንዘብ ማጠብ ሕጉ ድርጅቱ ሰነዱን ለዓመታት እንዲያቆይ ቢያስገድደውም።

ቢትኮይን ስም የለውም ብሎ መዝናናት

የእድር መዝገብ አደባባይ ላይ ተለጥፎ፣ በስም ፋንታ ቁጥር ብቻ እንዳለበት አስቡት። ቁጥሩ የእናንተ መሆኑን አንድ ሰው ካወቀ ያለፈውንም የሚመጣውንም ያነባል። ብሎክቼን እንዲህ ነው። ከጥር 2009 ጀምሮ ያለው የቢትኮይን ዝውውር በሙሉ ለሁሉም ክፍት ነው። መገበያያው ደግሞ ስማችሁንም ሳንቲሙን የላከበትን የዋሌት አድራሻም፣ ማለትም ያን ቁጥር፣ ያውቃል። በተቀበላችሁ ቁጥር አዲስ አድራሻ ተጠቀሙ። አብዛኞቹ ዋሌቶች ራሳቸው ይሰጧችኋል። አንዱን አድራሻ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጥፎ እሱኑ ለቁጠባ መጠቀም ግን ትልቅ ጥፋት ነው።

ፒቱፒ ላይ ስም ሳያመሳክሩ መልቀቅ

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2022 በክሪፕቶ መገበያየት ያልተፈቀደ መሆኑን አስጠንቅቋል። ይህ ማለት አገር ቤት ሆናችሁ ብትጭበረበሩ የት ሄዳችሁ ትከሳላችሁ? መጀመሪያ ይሄን አስቡ።

ፒቱፒ ላይ፣ ማለትም ሰው ከሰው በቀጥታ በሚገበያይበት ቦታ፣ ሙሉ ስማችሁንና የባንክ ሒሳብ ቁጥራችሁን የሚያገኘው የማታውቁት ሰው ነው። ዩኤስዲቲ ሸጣችሁ ብሩ ሲገባ የላኪው ስም ከገዢው ስም ጋር ካልገጠመ ዩኤስዲቲውን አትልቀቁ። ብሩ ከሌላ ከተጭበረበረ ሰው የመጣ ሊሆን ይችላል። ያ ሰው ሲያመለክት የሚታገደው የእናንተ ሒሳብ ነው። የስክሪንሾት ደረሰኝ ደግሞ ማንም ይሠራዋል። የባንካችሁን መተግበሪያ ራሳችሁ ከፍታችሁ እዩ።

ቴሌግራም ላይ እርዳታ መፈለግ

ግሩፕ ውስጥ «ገንዘቤ አልወጣ አለኝ» ብላችሁ ስትጽፉ ቀድሞ በውስጥ መስመር የሚጽፍላችሁ «አድሚን» ሌባ ነው። ዋሌታችሁን የሚከፍቱትን 12 ወይም 24 ምስጢራዊ ቃላት የሚጠይቅ ማንም ሰው፣ ማንም፣ ሌባ ነው። ማረጋገጫ ኮዳችሁም በኤስኤምኤስ ባይመጣ ይሻላል፤ ሲም ካርዳችሁን በስማችሁ የሚያስወጣ አይጠፋም። በጥር 2024 የአሜሪካ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ኮሚሽን የኤክስ (የቀድሞው ትዊተር) አካውንት የተወሰደው በዚህ መንገድ ነው። ኮድ የሚያመነጭ መተግበሪያ ጫኑ፣ መጠባበቂያ ኮዶቹን ወረቀት ላይ ጻፉ።

መታወቂያን ማዋስ

ይሄኛው ከባድ ነው፤ የሚጠይቀን ዘመድ ስለሆነ። «አንተ ውጭ ስላለህ በስምህ አካውንት ክፈትልኝ፣ እኔ እሠራበታለሁ» ይላል። አካውንቱ በስማችሁ ነው። በሱ የሚያልፈው ገንዘብ ሁሉ የእናንተ ተብሎ ይመዘገባል። ጥያቄ ሲመጣ የሚጠየቁት እናንተ ናችሁ፣ ግብሩም እናንተን ይመለከታል። የተረጋገጠ አካውንት የሚገዛ ሰው ደግሞ በተቃራኒው ይጎዳል። የመታወቂያው ባለቤት በፈለገ ቀን ፊቱን አሳይቶ አካውንቱን ሊመልስ ይችላል።

ታናሽ ወንድሜ ይህንኑ ጠይቆኝ እምቢ አልኩት። «ወንድም አይደለህም ወይ?» አለኝ። ሁለት ሳምንት አልደወለልኝም። ከዚያ እኔ ደወልኩና የፓስፖርቴን ታሪክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኩት። አሁንም ሙሉ በሙሉ አልተስማማንም፤ ግን ድጋሚ አልጠየቀኝም።