መዝገብ ቤት ለአታችመንት የሚመደብ የፒኤችዲ ተማሪ፦ ከደብዳቤው እስከ ርክክቡ

የፒኤችዲ ተማሪ ለአታችመንት፣ ማለትም ለተግባር ልምምድ፣ መዝገብ ቤት ሲመደብ ሁለት ሰዎች ሁለት ነገር ይጠብቃሉ። ተማሪው «ለመመረቂያዬ የሚሆን ፋይል አገኛለሁ» ይላል። ኃላፊው ደግሞ «ያን የተከመረ ክፍል የሚዘረዝርልኝ ሰው መጣ» ይላል። ትክክሉ ኃላፊው ነው። ስትወጡ የሚቀረው ሥራችሁ ከእናንተ በኋላ የሚመጣ ሰው ፋይል የሚያገኝበት ዝርዝር ነው።

ነገሩ የሚበላሸው ገና በድጋፍ ደብዳቤው ነው። ትምህርት ክፍሉ በለመደው ቃል «ለጥናታቸው አስፈላጊው መረጃ እንዲሰጣቸው» ብሎ ከጻፈ፣ እንደ ማንኛውም መረጃ ሰብሳቢ ጠረጴዛ ላይ ትቀመጣላችሁ እንጂ መደርደሪያው ጋ አትደርሱም። ደብዳቤው «ከጥቅምት 1 እስከ ታኅሣሥ 30፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በፋይል ዝርዝር ሥራ እንዲመደቡ» ይበል። ለራሳችሁ ጥናት የምትፈልጉት ካለ ሌላ ደብዳቤ አጽፉ። ቁጥር፣ ቀን፣ ፊርማና ማኅተም መሟላታቸውን ከቢሮው ሳትወጡ እዩ፤ ቁጥር የሌለው ደብዳቤ ይዞ መመላለስ የተለመደ ነው። አዲስ አበባ ባለው የኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ለመመደብ የምታስቡም ብትሆኑ ከዚሁ ጀምሩ።

ሰኔና ሐምሌን ተዉት፤ በጀት የሚዘጋበት፣ ንብረት የሚቆጠርበት ጊዜ ነው፣ የሚያያችሁ ሰው አይኖርም። ዓርብ ከ5፡30 እስከ 7፡30 ቢሮ ስለሚወጣ የዓርብን ቀን እንደ ሙሉ ቀን አትቁጠሩ። ድሬዳዋ ላይ ደግሞ ከባዱን ሥራ ማለዳ ጨርሱ፤ ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ላብ ወረቀቱ ላይ ይንጠባጠባል።

ከቅርብ ኃላፊያችሁ ጋር አንድ ገጽ ስምምነት ተፈራረሙ። የትኛው መደርደሪያ፣ ስንት ፋይል፣ ማን እንደሚያርም፣ ያነሣችሁት ፎቶ የማን እንደሆነ፣ ገና ዝርዝር ያልወጣለትን ፋይል በጥናታችሁ መጥቀስ ትችሉ እንደሆነ ይጻፍበት። ብዛቱን ስትገምቱ አትጀግኑ። 12 ሳምንት በሦስት ቀን 36 ቀን ነው። ለመለማመጃ 3፣ ለርክክብ 3 ሲቀነስ 30 ቀን ይቀራል። በቀን 15 ፋይል ቢዘረዘር 450 ይሆናል። ከዚያ በላይ ቃል የገባ ተማሪ መጨረሻ ላይ ርእስ ብቻ ገልብጦ ይሄዳል።

ዝርዝሩ ውስጥ የግድ መግባት ያለባቸው ስድስት ናቸው፦ መለያ ቁጥር፣ ርእስ፣ ሰነዱን የፈጠረው አካል፣ ዘመን፣ መጠን፣ የገለጻ ደረጃ (የተገለጸው ሙሉ ክምችት፣ አንድ ፋይል ወይስ ነጠላ ወረቀት መሆኑ)። አይሳድ ጂ የሚባለው ዓለም አቀፍ የመዛግብት ገለጻ መስፈርት 26 መስኮች አሉት፤ በሦስት ወር ሁሉንም ልሙላ ማለት ግን የትም አያደርስም።

ድሬዳዋ ላይ የምድር ባቡር ወረቀት የደረሰው ሰው «ፈጣሪ አካል» ላይ ይሳሳታል፤ ሁሉንም «ምድር ባቡር» ብሎ ያልፈዋል። ሐዲዱን በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ያደረሰው ኢምፔሪያል የሚባለው ኩባንያ ነው። እሱ ሲከስር፣ ከ1900ው ስምምነት በኋላ ፍራንኮ-ኢትዮጵያ ኩባንያ ተተካ፤ መስመሩን በ1909 አዲስ አበባ ያስገባውም እሱ ነው። ከ1973 ጀምሮ ደግሞ የጅቡቲ-ኢትዮጵያ ምድር ባቡር ሆነ። የሦስቱን ወረቀት አትደባልቁ። ፋይሎቹም በነበሩበት ቅደም ተከተል ይቆዩ፤ በርእስ ወይም በፊደል ማሰለፍ ማን ለማን መቼ እንደጻፈ የሚያሳየውን ሰንሰለት ይበጥሳል።

ከሁሉም የሚያስቸግረው ቀን ነው። አንድ ደብዳቤ ላይ «5/3/1928» ተጽፏል እንበል። ጸሐፊው በአማርኛ የጻፈ ከሆነ ኅዳር 5 ቀን 1928 ነው፤ ጣሊያን ከገባ ስድስት ሳምንት አልፎታል። ጸሐፊው ፈረንሳዊ ከሆነ ማርች 5 ማለቱ ነው፣ በእኛ የካቲት 26 ቀን 1920፤ ዘውዲቱ ዙፋን ላይ ናቸው። ልዩነቱ ከሰባት ዓመት ተኩል በላይ ነው። ስለዚህ በአንድ ዓምድ የተጻፈውን እንዳለ ገልብጡ፣ በሌላው የተቀየረውን «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ብላችሁ ጻፉ። እርግጠኛ ካልሆናችሁ ጥያቄ ምልክት አድርጉ። ሰዓትም እንዲሁ ነው፤ በፈረንሳይኛ 14 ሰዓት የሚነሣ ባቡር በእኛ 8 ሰዓት ነው።

ሐረር ላይ ሂጅራ፣ ማለትም የእስልምናው የዘመን አቆጣጠር፣ ይጨመራል። ዓመቱ 354 ወይም 355 ቀን ስለሆነ ቋሚ ቁጥር ደምሮ መቀየር አይሠራም፤ ሰንጠረዥ ያስፈልጋል። 1304 ሂጅራ ለምሳሌ ከመስከረም 1879 እስከ መስከረም 1880 ይሄዳል፣ ወሩ ካልተጻፈ ሁለቱንም ዓመት መዝግቡ። ዐረብኛ የማያነብ ተማሪ የጁገልን (በግንብ የታጠረውን የድሮ ሐረር) የእጅ ጽሑፎች ርእስ በግምት አይሙላ፤ የቅጠል ብዛት፣ ልክና ጉዳት ይመዝግብ፣ ርእሱን ለሚያነብ ይተው። በዐረብኛ ፊደል ስለተጻፈ ብቻ ቋንቋው ዐረብኛ ነው ማለት አይደለም፤ ሐረሪም በዚያው ፊደል ተጽፏል።

እጅ ታጥቦ በደንብ ይድረቅ፤ ለወረቀት ጓንት አያስፈልግም፣ ጣት ያደነዝዛል፣ ጠርዝ ያስቀድዳል። ፎቶግራፍ ሲያዝ ግን ይለበሳል። እስክሪብቶ ውጭ ይቅር፣ እርሳስ ብቻ። የዛገ የስቴፕለር ስፒል በጥፍር አይነቀልም፦ ከላይም ከታችም ቀጭን ፕላስቲክ አስገቡ፣ እግሮቹን አንድ በአንድ አቃኑ፣ ከዚያ ሳቡ። ሻጋታ ካያችሁ አትጥረጉ፣ ይበተናል። ፋይሉን ለብቻ አግልላችሁ ኃላፊውን ጥሩ። ሰማያዊ መደብ ላይ ነጭ መስመር ያለው የድልድይና የሐዲድ ንድፍ ከመጣ «አሲድ የለሽ» የተባለ አቃፊ ሁሉ አይሆነውም፤ ብዙዎቹ ካልሲየም ካርቦኔት ተጨምሮባቸዋል፣ እሱ ደግሞ ሰማያዊውን ያደበዝዛል። ካልሲየም ያልገባበት ካልተገኘ ጨለማ ቦታ ጠፍጣፋ አድርጋችሁ ለብቻው አስቀምጡት።

የሠራተኛ የግል ማኅደር ሲያጋጥም ርእሱን ጻፉ፣ ሕመም ወይም ቅጣት ዝርዝር ውስጥ አይግባ፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ። «ይህ አይረባም» ብሎ መጣልም የእናንተ ሥልጣን አይደለም።

የመጨረሻዎቹን 3 ቀናት ለርክክብ ብቻ ያዙ። ከ450ው 20 ፋይል በዕጣ ይውጣ፤ ዝርዝሩን ብቻ ይዞ አንድ የቤቱ ሠራተኛ ይፈልጋቸው፣ እናንተ አታግዙት። ያልተገኘው ፋይል ቁጥር የተሳሳተበትን ቦታ ይጠቁማል፤ የዚያን ካርቶን ሙሉውን እንደገና አስታርቁ። ዝርዝሩ በሁለት ፍላሽ ይቀመጥ፣ ታትሞ ተፈርሞ ለኃላፊው ይሰጥ፤ የእያንዳንዱ ካርቶን ገጽ ደግሞ ለብቻው ታትሞ በክዳኑ ውስጥ ይግባ።