ቀደም ሲል የሆድ ውበት ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው የቀረውን ስብ ያለ ቀዶ ሕክምና እንዴት እንደሚቀንስ

የሆድ ቆዳ ማጥበቂያ ቀዶ ሕክምና፣ በተለምዶ ተሚ ተክ የሚባለውን፣ ወይም ስብ የመምጠጥ ሕክምና ያደረገ ሰው እብጠቱ ረግቦ ቁስሉ ሲሽር ከእምብርቱ በላይ ወይም በጎኖቹ ላይ ጥቂት ስብ ቀርቶ ማግኘቱ የተለመደ ነው። ሁለተኛ ጊዜ ማደንዘዣ ወስዶ መተኛት የሚያስፈራው ሰው ደግሞ በማቀዝቀዝ ወይም በማሞቅ ስብን ወደሚቀንሱ መሣሪያዎች ፊቱን ያዞራል። መሣሪያዎቹ እውነተኛ ናቸው፣ ውጤትም አላቸው፤ ሆኖም አንድ ጊዜ በቀዶ ሕክምና ያለፈ ሆድ እንዳልተነካ ሆድ ሊታይ አይገባም፤ ቆዳው ደም የሚያገኝበት መንገድ ተለውጧል፣ ስሜቱም ቀንሷል። እኔም በዚሁ መንገድ ያለፍኩ ሰው ነኝ፤ ከመሣሪያው ምርጫ ይልቅ ከምርጫው በፊት የሚመጡት ሁለተኛውና ሦስተኛው ደረጃዎች ወሳኝ መሆናቸውን ስላየሁ ሰፋ አድርጌ የምጽፈው ስለ እነርሱ ነው።

1. ይጠብቁ

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የሚኖረው እብጠት ለወራት ስለሚቆይ ቢያንስ ስድስት ወር፣ ቢቻል አንድ ዓመት ይጠብቁ። ክብደትዎም ከፍ ዝቅ ማለቱን ያቁም። ዐቢይ ጾምን የሚጾም ሰው በጾሙ ማብቂያ ሰሞን ሆዱን አስለክቶ ሕክምና ቢጀምር፣ ከፋሲካ በኋላ የሚመለሰው ክብደት ውጤቱን ስለሚሸፍንበት መሣሪያው ሠራ ወይስ አልሠራ የሚለውን ማወቅ ይቸግረዋል።

2. የቀረው ነገር በእርግጥ ስብ መሆኑን ያረጋግጡ

ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው ይህን ደረጃ በመዝለሉ ነው። ቀጥ ብለው ቆመው ያበጠውን ቦታ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ቆንጥጠው ይያዙት። ለስላሳ ሆኖ በጣቶችዎ መካከል የሚገባ ከሆነ ከቆዳ ሥር ያለ ስብ ሊሆን ይችላል። ሆዱ ወደ ፊት ገፍቶ፣ ጠንክሮ፣ ለመቆንጠጥ እምቢ ካለ ግን ስቡ ያለው ከጡንቻው ጀርባ፣ በአንጀትና በሌሎች የውስጥ አካላት ዙሪያ ነው ማለት ነው፤ ይህን የሚደርስበት ከውጭ የሚደረግ መሣሪያ የለም፤ የሚቀንሰው በአመጋገብና በእንቅስቃሴ ነው።

ቀጥሎ በጀርባዎ ተኝተው፣ ጉልበትዎን አጥፈው ጭንቅላትዎን ብቻ ቀና ያድርጉ። በሆድዎ መካከል ከላይ ወደ ታች እንደ ሸንተረር ከፍ የሚል ነገር ካዩ፣ በእርግዝና የተራራቁት የሆድ ጡንቻዎች አልተገናኙም ወይም ተሰፍተው የነበሩት ላልተዋል። ስብ የመምጠጥ ሕክምና ብቻ ያደረገ ሰው ጡንቻው ከመጀመሪያውም እንዳልተሰፋለት ልብ ይሏል። ሲያስልዎት ወይም ሲያስነጥስዎት በእምብርት ወይም በጠባሳ አካባቢ ብቅ የሚል እብጠት ካለ ደግሞ ሄርኒያ፣ ማለትም የውስጥ አካል በደከመ የሆድ ግድግዳ በኩል ወደ ውጭ መግፋቱ፣ ሊሆን ስለሚችል እዚያው ላይ ያቁሙና ወደ ቀዶ ሐኪም ይሂዱ። በሄርኒያ ላይ ቆዳን በኃይል የሚስብ መሣሪያ ማስቀመጥ አደገኛ ነው።

ሌላው አሳሳች ነገር ሴሮማ የሚባለው ከቆዳ ሥር የተጠራቀመ ፈሳሽ ነው። ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚታይ ቢሆንም ሳይቀዳ የቆየ እንደሆነ በዙሪያው ጠንካራ ሽፋን አበጅቶ ለረጅም ጊዜ ይቀመጣል፤ በእጅ ሲነካም ከስብ ጋር ይመሳሰላል። እኔ ከጠባሳዬ በላይ የነበረኝን እብጠት አንድ የውበት ክሊኒክ ሆዴን በእጁ እንኳ ሳይነካ የማቀዝቀዝ ሕክምና ዋጋ ነግሮኝ ነበር፤ በኋላ በአልትራሳውንድ ሲታይ ግን ፈሳሽ ሆኖ ተገኘ። ደምን አጥቶ የሞተ ስብና ስብ ከተመጠጠ በኋላ የሚፈጠር የውስጥ ጠባሳም እንዲሁ እንደ ጓጉላ ሆነው ይዳሰሳሉ፤ እነዚህን መሣሪያ አያሟሟቸውም። ስለዚህ ከማንኛውም ክፍያ በፊት የሆድ ግድግዳን አልትራሳውንድ ያስነሡ። ምርመራው ቀላልና የማያምም ነው፤ ለዚህ የሚወጣው ገንዘብ በከንቱ ወጣ አይባልም።

በመጨረሻም ቆንጥጠው የያዙት ነገር ስስና የተጨማደደ ከሆነ ችግሩ ስብ ሳይሆን የላላ ቆዳ ነው። ከላላ ቆዳ ሥር ስብ ሲቀንሱ ቆዳው ይብሱን ይረግባል።

3. የስሜትዎን ካርታ ይሥሩ

በሆድ ማጥበቂያ ቀዶ ሕክምና ጊዜ ሐኪሙ ቆዳውንና ስቡን ከጡንቻው ላይ አላቅቆ ወደ የጎድን አጥንት አቅጣጫ ያነሣዋል። በዚህ ጊዜ ጡንቻውን ሰንጥቀው ወደ ቆዳ የሚወጡት የደም ሥሮችና ነርቮች ይቆረጣሉ፤ ከዚያ በኋላ የመሀል ሆድ ቆዳ በዋናነት የሚኖረው ከጎንና ከጎን በሚመጣ ደም ነው። በእምብርትና በጠባሳው መካከል ያለው ቦታ ለወራት፣ በአንዳንድ ሰው ላይም ለዘለቄታው የሚደነዝዘው በዚሁ ምክንያት ነው። ከሕክምና ወደ ቤት የተመለሱ ሰዎች የሙቅ ውኃ ላስቲክ ሆዳቸው ላይ አድርገው ሳይሰማቸው የተቃጠሉበት አጋጣሚ በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግቧል። በማሞቂያ መሣሪያ ላይ ደግሞ ባለሙያው ሙቀቱን የሚያስተካክለው በአብዛኛው «በዛብኝ» የሚለውን የታካሚ ቃል ሰምቶ ነው፤ የደነዘዘ ቆዳ ይህን ቃል አያናግርም።

ስለዚህ ዓይንዎን ይጨፍኑና እህትዎ ወይም የሚያምኑት ሰው በጥጥ፣ ከዚያም በቀዝቃዛ ማንኪያ ሆድዎን ከጎን ወደ መሀል እየነካ ይጠይቅዎ። ያልተሰማዎትን ቦታ በእስክሪብቶ አክብቦ ፎቶ ያንሣው። ሕክምናውን በሚሰጠው ባለሙያ ፊትም ይህንኑ ይድገሙት። እኔ በተከበበው ቦታ ውስጥ ምንም ዓይነት ሙቀትም ሆነ ቅዝቃዜ እንዲያርፍ አልፈቅድም፤ «ዝቅ አድርገን እንሠራዋለን» የሚለው መልስም አያሳምነኝም።

4. መሣሪያውን ይምረጡ

ስብን የማቀዝቀዝ ዘዴ፣ ኩልስካልፕቲንግ በሚለው ስም የሚታወቀው፣ በቦስተን የማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ተመራማሪዎች በዲተር ማንስታይንና በሮክስ አንደርሰን ሥራ ላይ የተመሠረተ ነው። የስብ ሕዋስ ከቆዳ ይልቅ ቅዝቃዜን የማይችል በመሆኑ ቆዳው ሳይጎዳ ስቡ ይሞታል፤ ሰውነትም በሁለት በሦስት ወር ውስጥ ቀስ በቀስ ያስወግደዋል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2010 ለጎን፣ በ2012 ለሆድ ፈቅዶታል። በታከመው ቦታ የሚቀንሰው የስብ ውፍረት በግምት ከአምስት አንድ እስከ ከአራት አንድ እጅ ነው። ችግሩ ብዙዎቹ የዚህ መሣሪያ መያዣዎች ቆዳን ወደ ውስጥ ስበው ስለሚሠሩ፣ በቀዶ ሕክምና የተወጠረ ሆድ አይገባላቸውም፤ ለጎን ስብ ግን ይመቻሉ። ከቅዝቃዜ ጋር የተያያዘ የደም ሕመም፣ ለምሳሌ ክራዮግሎቡሊኒሚያ ያለበት ሰው ፈጽሞ ሊሞክረው አይገባም።

አንድ ሌላ ነገር ሳይነገርዎ እንዳይፈርሙ። በጥቂት ሰዎች ላይ ስቡ በመቀነስ ፈንታ ጠንክሮ ያድጋል፤ ሐኪሞች ፓራዶክሲካል አዲፖዝ ሃይፐርፕላዢያ ይሉታል። ካናዳዊቷ ሞዴል ሊንዳ ኢቫንጀሊስታ በ2021 ይህ እንደ ደረሰባት በይፋ ተናግራለች። በራሱ ስለማይጠፋ መፍትሔው ብዙውን ጊዜ ቀዶ ሕክምና ነው፤ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምናን ሸሽቶ ለመጣ ሰው ይህ ከባድ ዕዳ ነው።

1060 ናኖሜትር ሌዘር ስቡን ከ42 እስከ 47 ዲግሪ ሴልሺየስ በማሞቅ ይሠራል፤ ቆዳን ስለማይስብ ለተወጠረ ሆድ ይሻላል፣ ነገር ግን ስሜቱ ሙሉ ለሆነ ቦታ ብቻ ነው። በሬዲዮ ሞገድ ለሚያሞቁ መሣሪያዎችም ይኸው ይሠራል፤ የልብ ምት መቆጣጠሪያ ወይም በሰውነታቸው ውስጥ ብረት ያለባቸው ሰዎች አስቀድመው መናገር አለባቸው። በማግኔት ጡንቻን የሚያኮማትሩ መሣሪያዎች በዋናነት ለጡንቻ የተሠሩ ስለሆኑ፣ ጡንቻዎ ተሰፍቶ ከሆነ የሰፋውን ሐኪም ሳያማክሩ አይጠቀሙባቸው።

ስብ አሟሚ መርፌን በሆድዎ ላይ እንዲያስወጉ አልመክርም። በእንዲህ ያለ መርፌ የሚሰጠው ዲኦክሲኮሊክ አሲድ የተባለው መድኃኒት በአሜሪካ በ2015 የተፈቀደው ከአገጭ በታች ላለ ስብ ብቻ ነው፤ በጠባሳ በተሞላ ሆድ ውስጥ መድኃኒቱ ወዴት እንደሚሄድ መቆጣጠር አይቻልም። በቤት ውስጥ በረዶ ማሰርም ቆዳን በብርድ ያቃጥላል እንጂ ስብ አይቀንስም። ሆድን በመቀነት ወይም በማጥበቂያ ልብስ ማሰር ደግሞ ቅርጽ የሚይዘው ታጥቀውት እስካሉ ድረስ ነው።

5. የቀዶ ሕክምናዎን ማስረጃ ይዘው ይሂዱ

በኢስታንቡል፣ በዱባይ ወይም በባንኮክ የተሠራ ሰው የቀዶ ሕክምናውን ዝርዝር ዘገባ ጽፎ ቢጠይቅ ይሻላል። ጡንቻው ተሰፍቶ እንደሆነ፣ የሆድ ግድግዳን የሚደግፍ ሰው ሠራሽ መረብ ገብቶ እንደሆነ፣ ስብ ከየት እንደተመጠጠ የሚታወቀው ከዚያ ነው። ባለሙያውን፦ እንደ እኔ ያለ ሆድ ሠርተው ያውቃሉ? ሆዴን የሚመረምረው ሐኪም ማን ነው? ጉዳት ቢደርስ ወደ የትኛው ቀዶ ሐኪም ይልኩኛል? ብለው ይጠይቁ። ሦስተኛውን ጥያቄ ያለማመንታት የማይመልስ ቦታ ላይ አይተኙ።

6. ከሕክምናው በኋላ

መቅላት፣ መደንዘዝና መጠነኛ ሕመም ለጥቂት ቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ይቆያሉ። ከማቀዝቀዝ በኋላ የሚደረገው ማሸት በጠባሳ አካባቢ ቀለል እንዲል ይጠይቁ። ውኃ የቋጠረ፣ የነጣ ወይም የጠቆረ ቆዳ ካዩ፣ ትኩሳትም ከተሰማዎት በዚያው ቀን ሐኪም ይይዎት። በየወሩ በአንድ ዓይነት ብርሃን ፎቶ ይነሡ፤ ሦስት ወር ሳይሞላ ሁለተኛ ዙር አያስይዙ። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ወር የታከመው ቦታ የመሣሪያውን ቅርጽ ይዞ ሲጠነክርና ሲተልቅ ካስተዋሉ፣ «ሌላ ዙር ያስተካክለዋል» ቢባሉም አይቀበሉ፤ ፎቶዎችዎንና ዘገባዎን ይዘው ወደ ፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም ይሂዱ።