ገጸ ባሕርይ የሚሸከመውን ኤፒክ ፋንታሲ ስናነብና ስንከራከርበት ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

አንድን መጽሐፍ ሁለት ጓደኛሞች ያነቡታል። አንዷ የመጨረሻውን ገጽ ከዘጋች በኋላ ለቀናት ሌላ መጽሐፍ መክፈት ያቅታታል። ሌላው መቶኛው ገጽ ላይ ሳይደርስ “ይደብራል፣ ምንም ነገር አይፈጠርም” ብሎ ይተወዋል። ከዚያ ክርክር ይነሳል። እሷ “አልገባህም” ትለዋለች፤ እሱ “አንቺ ስቃይ ትወጃለሽ” ይላታል። እዚያው ላይ ይቀራሉ።

ይህ በየትኛውም መጽሐፍ ላይ ያጋጥማል። ከጦርነቱና ከአስማቱ ይልቅ በሰው ሕይወት ላይ በቆመ ረጅም ኤፒክ ፋንታሲ (በምናብ በተፈጠረ ሰፊ ዓለም ውስጥ በሚካሄድ የአስማትና የጦርነት ልቦለድ) ላይ ግን ይብሳል። ታሪኩን የሚሸከመው ጦርነቱ ከሆነ፣ ጀግናው ባይጥማችሁም ማን እንደሚያሸንፍ ለማወቅ ትቆያላችሁ። የሚሸከመው ሰውየው ከሆነ ግን፣ እሱን ካልወደዳችሁት የምትቆዩበት ሌላ ምክንያት ብዙም የለም።

ለዚህ የደራሲዋን የሮቢን ሆብን ሥራ የመሰለ ምሳሌ አላውቅም። እ.ኤ.አ. በ1995 የተጀመረ፣ በ2017 የተጠናቀቀ፣ በአምስት ክፍል የተደራጀ የ16 ልቦለዶች ዓለም ነው። ከ16ቱ 9ኙን በአብዛኛው የሚተርከው አንድ ሰው ነው። ፊትዝ ይባላል፤ ከጋብቻ ውጪ የተወለደ የልዑል ልጅ ነው። አንዳንዱ አንባቢ እንደ ወንድሙ ይሳሳለታል፣ አንዳንዱ ፊቱን ማየት አይፈልግም። በዚህ ክርክር ውስጥ ተመላልሰው የሚመጡ ስህተቶች አሉ። ላላነበባችሁት እንዳላበላሽባችሁ፣ ምሳሌዎቼን ከየታሪኩ መጀመሪያ አካባቢ ነው የምወስደው።

“ምን ተፈጠረ?” ብቻ ብሎ መጠየቅ

የመጀመሪያው መጽሐፍ ርእስ “አሳሲንስ አፕሬንቲስ” ነው፤ የነፍሰ ገዳይ ተለማማጅ እንደማለት። ርእሱን ያየ ሰው ጩቤ፣ መርዝና የሌሊት ግድያ ይጠብቃል። ቢጠብቅ አይፈረድበትም። ገልጦ የሚያገኘው ግን የስድስት ዓመት ልጅ ነው። አያቱ እየጎተተ አምጥቶ ለአንድ ወታደር ያስረክበውና ይሄዳል። ልጁ የአባቱ የቅርብ ሰው ለነበረው ለፈረስ ጋጣው ኃላፊ ለቡሪች ይሰጣል። ውሾች መሀል ይተኛል። የግድያው ትምህርት ቆይቶ ይመጣል፤ መጽሐፉ ግን አጥብቆ የሚጠይቀው “ይህ ልጅ የማን ነው?” የሚለውን ነው።

ገና ከጅምሩ ልጁ ከአንድ ቡችላ ጋር ይቆራኛል። ቁርኝቱ አስማታዊ ነው፤ የቡችላው ስሜትና ሐሳብ ወደ እሱ ይመጣል። በዚያ ዓለም ይህ ችሎታ ነውር ነው። ቡሪች ሲደርስበት ቡችላውን ይወስድበታል። ልጁም የከፋውን ያስባል። በቃ፣ የሆነው ይኸው ነው። በጦርነት ሚዛን ካያችሁት ኢምንት ነው። ልጁ ግን ከዚያ በኋላ የሚያሳድገውን ሰው ለዓመታት በፍርሃት ያየዋል።

“ምንም አይፈጠርም” የሚለው አንባቢ ይህን ክፍል አንብቦታል፣ ግን ከክስተት አልቆጠረውም። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ስታነቡ በየምዕራፉ መጨረሻ “በማንና በማን መካከል ምን ተለወጠ?” ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ በተደጋጋሚ “ምንም” ከሆነ፣ ያን ጊዜ በእርግጥም ታሪኩ ቆሟል ማለት ነው። እንደዚያ የሚያዘግሙ ክፍሎች በዚህም ሥራ ውስጥ አሉ። በሦስተኛው መጽሐፍ ውስጥ ያለው ረጅም ጉዞ ያሰለቻቸውን ሰዎች እረዳቸዋለሁ።

የገጸ ባሕርዩን ጥፋት የደራሲዋ ጥፋት ማድረግ

ክርክሩ ከሁሉም በላይ የሚከረው እዚህ ላይ ነው። ፊትዝ መናገር ሲገባው ዝም ይላል። የሚረዳው ሰው አጠገቡ ቆሞ ሁሉን ብቻውን ሊወጣው ይታገላል። የሚወዱትን ይገፋል። አንባቢው ይበሽቃል። መብሸቁ ልክ ነው፤ መጽሐፉ የተጻፈው እንዲያበሽቅም ጭምር ነው። ስህተቱ የሚመጣው ከዚያ ቀጥሎ “ደራሲዋ ታሪኩን ለማራዘም ብላ አጃጃለችው” ሲባል ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች መለየት አለባቸው። ገጸ ባሕርዩ ሴራው ስለፈለገው ብቻ ከባሕርይው የማይጠበቅ ጅልነት ከሠራ፣ ያ የአጻጻፍ ድክመት ነውና ይነቀፍ። ጥፋቱ ከባሕርይው የመነጨ ከሆነ ግን ደራሲዋ ሥራዋን ሠርታለች። እስቲ ፊትዝን ማን እንዳሳደገው አስቡት። የግድያ አስተማሪው ቼድ በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ከሰው ዓይን ተሰውሮ የሚኖር ሰው ነው። ትምህርቱ በሌሊት ነው፤ ከሁሉም በፊት የሚማረውም ምስጢር መጠበቅን ነው። ከእንስሳት ጋር ያለው ቁርኝት ቢታወቅበት ሊያስገድለው ይችላል። በልጅነቱ የወደደውን ነገር ሲያሳይ ወስደውበታል። እንዲህ ያደገ ሰው ትልቅ ሲሆን ልቡን ከፍቶ ቢያወራ ነበር የሚገርመው።

ስለዚህ ከመፍረዳችሁ በፊት ወደ ኋላ ተመለሱ። “ይህን ለምን አደረገ?” ለሚለው ባለፉት ገጾች ውስጥ መልስ አለ? ካለ፣ የተናደዳችሁት በሰውየው ነው እንጂ በመጽሐፉ አይደለም። ከሌለ ትችታችሁ ቦታውን አግኝቷል።

የሌላውን ወገን ጥያቄ ግን ማለፍ አይገባም። ጥፋቱ ከየት እንደመጣ በደንብ እያወቀ የሚሰለች አንባቢ አለ። “ገብቶኛል፤ ግን ያንኑ ጥፋት ደግሞ ደጋግሞ ሲሠራው ማየት አልፈልግም” ይላል። ለዚህ ሰው “አልገባህም” ማለት ነውር ነው። ገብቶታል፣ ትዕግሥቱ ነው ያለቀው። እኔ በበኩሌ ድግግሞሹን የምቆጥረው ከሥራው ጥንካሬዎች ነው። ከልጅነት የመጣ ፍርሃት በአንድ ምዕራፍ ብን ብሎ ቢጠፋ አላምነውም ነበር።

የአተራረኩ ቅርጽም የራሱ ድርሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የጆርጅ አር. አር. ማርቲን “ኤ ጌም ኦፍ ትሮንስ” በየምዕራፉ ታሪኩን የሚያሳየንን ሰው ይቀያይራል። አንዱ ቢያናድዳችሁ ቀጣዩ ምዕራፍ ከሌላው ጋር ነው። ፊትዝ ጋ ግን ዘወር የምትሉበት ቦታ የለም፤ ሲሳሳትም ሲያለቅስም ጭንቅላቱ ውስጥ ናችሁ። ከዚያኛው ዓይነት መጽሐፍ የመጣ አንባቢ አየር ቢያጥረው ተፈጥሯዊ ነው።

ተራኪው ያለውን ሁሉ እንዳለ መቀበል

ፊትዝ የሚተርከው ወደ ኋላ እያስታወሰ ነው። ብቸኛ እንደሆነ፣ ከማንም እንዳልሆነ ይነግረናል። ይህን ቃሉን እንዳለ የሚቀበል አንባቢ የሚያነበው ዓለም ሁሉ ስለገፋው ምስኪን ልጅ ነው። ስለዚህ መጽሐፉ ይከብደዋል፣ ይጨልምበታል። ሌላው አንባቢ ግን ፊትዝ ከሚለው ይልቅ በዙሪያው ያሉት ሰዎች የሚያደርጉትን ይከታተላል። ቡሪች ቁጡ ነው፣ ቃሉም ሻካራ ነው፤ ልጁን ግን የሚያበላውና የሚያለብሰው እሱ ነው። የአባቱ ሚስት ሌዲ ፔሸንስ ልትጠላው በቂ ምክንያት ያላት ሴት ናት። ባሏ ከሌላ ሴት የወለደው ልጅ ነዋ። እሷ ግን ቤተ መንግሥት ድረስ መጥታ “ይህ ልጅ በደንብ መማር አለበት” ብላ ትሟገታለች።

ፊትዝ አይዋሽም። የተሰጠውን ፍቅር ማየት የሚያቅተው ሰው ነው እንጂ። አንዱ “ይህ መጽሐፍ ስለ ስቃይ ነው”፣ ሌላዋ “ስለ ፍቅር ነው” ሲሉ ብትሰሙ አንዳቸው ያላነበቡ እንዳይመስላችሁ። አንባቢው ተራኪውን ምን ያህል እንዳመነው ብትጠይቁት፣ ከግማሽ በላይ የሚሆነው አለመግባባት እዚያው ይፈታል ብዬ አምናለሁ።

በመጀመሪያው ቅጽ ላይ ፍርድ መዝጋት

እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2000 የወጡት የዚሁ ዓለም ሦስት መጻሕፍት ስለ ነጋዴ ቤተሰቦችና ሕይወት ስላላቸው መርከቦቻቸው ናቸው። መርከቧ ነፍስ የምትዘራው የቤተሰቡ ሦስት ትውልድ በእሷ ላይ ሲሞት ነው። እዚህ ፊትዝ አይተርክም። ታሪኩ በሦስተኛ መደብ ይነገራል፣ ከብዙ ሰዎች ዓይን።

ማልታ የምትባል ታዳጊ ልጅ አለች። ቀበጥ ናት፣ ራስ ወዳድ ናት፣ እናቷን ታሳብዳለች። በመጀመሪያው ቅጽ ላይ ብዙ አንባቢ ዓይኗን ማየት ያስጠላዋል። እሷ ላይ ተናድዶ መጽሐፉን የሚዘጋ ሰው ልጅቷን በጅምሯ ላይ ትቷት ሄደ ማለት ነው። ሦስቱንም ሳትጨርሱ ስለ እሷ የመጨረሻ ቃል አትስጡ። ከዚህ በላይ አልናገርም።

የባህር ወንበዴው ካፒቴን ኬኒት ደግሞ በተቃራኒው ጥንቃቄ ይፈልጋል። የባሪያ መርከቦችን እየያዘ ሰዎችን ነፃ ያወጣል። ሥራውን ብቻ ያየ ጀግና ይለዋል። ደራሲዋ ግን ሐሳቡን ከፍታ ታሳየናለች፤ የሚያደርገው አዝኖላቸው አይደለም፤ ከምክትሉ ጋር ስለተደራደረ ነው፤ የወንበዴዎች ንጉሥ መሆንም ያምረዋል። ታዲያ ነፃ የወጣው ሰው ነፃነት በዚህ ይቀንሳል? በሥራው እንፍረደው ወይስ በልቡ? ሁለት አስተዋይ አንባቢዎች እዚህ ላይ ቢለያዩ ሁለቱም በጥንቃቄ አንብበዋል። በበኩሌ ይህ ክርክር ባይቋጭ ደስ ይለኛል። ስህተት የሚሆነው በአንድ ቃል፣ “ጥሩ ነው” ወይም “መጥፎ ነው” ብሎ መገላገል ነው።

ፊትዝ የለበትም ብሎ መዝለል

አጭር ነገር ናት፣ ግን ብዙ ሰው ይጎዳባታል። ከፊትዝ ጋር የተላመደ አንባቢ እሱን ፍለጋ የመርከቦቹን ሦስት መጻሕፍት ዘልሎ ወደ ቀጣዩ ይሄዳል። ቀጣዮቹ ታሪኮች እዚያ በሆነው ነገር ላይ ይቆማሉ። ከዘለላችሁ አንዳንዱ ነገር በድንገት የወረደ ይመስላችኋል፣ ከዚያም ጥፋቱን በደራሲዋ ታሳብባላችሁ። በወጡበት ቅደም ተከተል አንብቧቸው።

እንባን መመዘኛ ማድረግ

“እዚህ ጋ ያላለቀሰ ልብ የለውም” የሚሉ አንባቢዎች አሉ። ፍቅራቸው ይገባኛል። ግን ይህ አባባል ገና ያላነበበውን ሰው ያስጨንቀዋል። ምን መሰማት እንዳለበት ተነግሮት ይገባል፤ ሳይሰማው ሲቀር ወይ ራሱን ይጠራጠራል ወይ መጽሐፉን ይጠላል። በሌላው ጫፍ ደግሞ ኀዘኑን ሁሉ “አንባቢን ለማስለቀስ የተደረገ” የሚል አለ። መጽሐፉ ከሐዘኑ በኋላ ምን ያደርጋል ብላችሁ እዩ። ገጸ ባሕርዩ የደረሰበትን ረስቶ በቀጣዩ ምዕራፍ ከቀለደ፣ ትችቱ ያስኬዳል። ቁስሉን ይዞ ለዓመታት ከኖረ ግን ደራሲዋ ለዕንባ ብላ አልጻፈችም።

በዚህ ላይ ዕድሜና ሁኔታም አለ። በ16 ዓመቱ ያነበበ ሰው ከፊትዝ ጎን ቆሞ ቡሪችን ሊቀየም ይችላል። ያው ሰው ልጅ ካሳደገ በኋላ ደግሞ ቢያነበው፣ ልቡን የሚነካው የቡሪች ጭንቀት ሊሆን ይችላል። የሚወዱትን ሰው በቅርቡ የቀበሩ ሰዎች ደግሞ ለጊዜው ቢያቆዩት ይሻላል።

“የግድ አንብበው” ብሎ መጋበዝ

ይህን ሥራ ስንወድ ለሰው ሁሉ እንሰጠዋለን። “ምርጥ ፋንታሲ ነው” ብለን ብቻ። ድራጎንና ውጊያ የሚወደው ጓደኛችን ተስፋ አድርጎ ይገባና ተናድዶ ይወጣል። ከመስጠታችሁ በፊት ጠይቁት። ታሪክ ሲወድ የሚወደው ምኑን ነው? ጀግናው ሲሳሳት ይታገሠዋል? በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ለረጅም ጊዜ መቆየት ያስደስተዋል ወይስ ያፍነዋል? ከመልሱ ብዙ ነገር ይታወቃል።

ደግሞም እውነቱን ንገሩት። ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ ያሳዝናል፣ ዋናው ሰው ያበሽቃል በሉት። ይህን ሰምቶ የገባ ሰው ከመጽሐፉ ጋር አይጣላም። 16 መጽሐፍ የማንበብ ዕዳ እንዳለበት ግን አታስመስሉ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ የራሳቸው መዝጊያ አላቸው፤ ሦስተኛውን ጨርሶ “ይበቃኛል” ቢላችሁ ግማሽ ታሪክ ይዞ አልቀረም።