ቫይታሚን ለአንጀት ሕመምተኛ፦ ከልብስ ሰፊ የልኬት ደብተር

እግሬ መርገጫው ላይ አለመኖሩን ያወቅሁት አጎንብሼ ሳየው ነው። ፍኖተ ሰላም ልብስ ስሰፋ 19 ዓመቴ ነው። የስፌት መኪናዬን ሳላስበው ነው የምረግጠው። የዚያን ቀን ግን እግሬ ከመርገጫው ወርዶ መሬት ላይ ተቀምጧል። እኔ ሆዬ እየረገጥኩ መስሎኛል። መርፌው ቆሞ ሳየው ነው የደነገጥኩት።

ሕመሜ ክሮንስ ይባላል። ሰዉ በጅምላ «የአንጀት ቁስለት» ይለዋል። ክሮንስ ከአፍ እስከ ፊንጢጣ የትም ሊወጣ ይችላል። ወንድሙ አልሰራቲቭ ኮላይቲስ የሚያቆስለው ግን ትልቁን አንጀት ነው። እኔ ስሙን እስካገኝ ድረስ ሁለት ዓመት አሜባ ነው እየተባልኩ ስታከም ኖሬአለሁ። አሜባውም የአንጀት ቲቢውም አገራችን ውስጥ ስላሉ፣ ምልክታቸውም ስለሚመሳሰል፣ ቀድሞ መጠርጠሩ አይፈረድበትም። በሦስተኛውና በአራተኛው ዙር ግን አንድ ሰው ቆም ብሎ ማሰብ ነበረበት። በመጨረሻ አንጀቴ ተዘጋና ባሕር ዳር ሄጄ ኦፕራሲዮን ሆንኩ። የትንሹ አንጀቴ መጨረሻ 40 ሳንቲሜትር ተቆርጦ ወጣ። ቤት ስገባ ሜትሬን ዘርግቼ ለካሁት። የቀጭን ሰው ትከሻ ያህላል።

ሐኪም አይደለሁም። የምጽፈው ከዚያ ወዲህ ጠይቄ የተማርኩትንና በራሴ ሆድ ያየሁትን ነው።

መጀመሪያ ቦታውን ጠይቁ

ብዙ ሰው «ምን ልብላ?» ብሎ ይጀምራል። እናንተ ግን ሐኪሙን «የታመመው የት ጋ ነው?» በሉት። ወረቀት ላይ ይሳልላችሁ። ቢ12 የሚባለው ቫይታሚን ወደ ደም የሚገባው በትንሹ አንጀት መጨረሻ በኩል ነው። እዚያ ቦታ የቆሰለበት ወይም የተቆረጠበት ሰው ጉበት ሲበላ ቢውልም ቢ12 ሊያጥረው ይችላል። ሕመሙ ትልቁ አንጀት ላይ ብቻ የሆነ ሰው በዚህ በኩል ያን ያህል አይሰጋም። የእሱ ጣጣ በአብዛኛው ደም መፍሰስና የብረት ማነስ ነው።

ቅባት የሚፈልጉት ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬም የዚያው ቦታ ጎረቤቶች ናቸው። ቅባት እንዲፈጭ ሐሞት ያስፈልጋል። ሐሞቱ ሥራውን ጨርሶ ተመልሶ የሚሰበሰበው ደግሞ እዚያው የትንሹ አንጀት መጨረሻ ላይ ነው። ሰገራችሁ የሚያብረቀርቅ፣ የሚንሳፈፍና ክፉኛ የሚሸት ከሆነ ለሐኪሙ ንገሩት። እኔ አፍሬ ስድስት ወር ደብቄዋለሁ። ምንም አልጠቀመኝም።

ቀጥሎ የመድኃኒቶቻችሁን ስም ጻፉ። ሰልፋሳላዚን ፎሌት የተባለውን ቫይታሚን አንጀት እንዳይስበው ያደርጋል። ሜቶትሬክሴትም የፎሌትን ሥራ ያውካል። ስለዚህ ሐኪሙ ፎሊክ አሲድ፣ ማለትም የፎሌቱን ክኒን፣ አብሮ ያዛል፤ ካላዘዘ ጠይቁ። ፕሬድኒሶሎን ለረጅም ጊዜ ከተወሰደ አጥንት ያሳሳል። የካልሲየምና የቫይታሚን ዲ ነገር የሚነሳው ያኔ ነው።

አሁን ወደ እግሬ ልመለስ። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ደም ማነስ ተገኘብኝና አንድ ክሊኒክ ፎሊክ አሲድ ብቻ ሰጥቶ ሸኘኝ። ከሁለት ወር በኋላ ተመረመርኩ። «ደምህ ተስተካክሏል፣ እንኳን ደስ ያለህ» አሉኝ። ደስ አለኝ፣ ጠጅም ጋበዝኩ። እግሬ ግን ከዚያ በኋላ ነው የባሰበት። ወጥመዱ ይህ ነው፦ ፎሊክ አሲድ በቢ12 እጥረት የመጣውን ደም ማነስ ሊያቀናው ይችላል፤ ነርቩ ግን ውስጥ ውስጡን መጎዳቱን አይተውም። ፎሊክ አሲድ ከመጀመራችሁ በፊት ቢ12ም ይለካልኝ በሉ። የሚቃጠል ለስላሳ ምላስ፣ የእግር መደንዘዝ፣ መርሳት፣ ሲራመዱ መንገዳገድ ካለባችሁ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቁ።

አንጀታቸው በዚያ በኩል ለጎደለ ሰዎች መፍትሔው በአብዛኛው መርፌ ነው። መጀመሪያ ተከታትሎ ይወጋል፤ ከዚያ እንደ መርፌው ዓይነት በየወሩ ወይም በየሁለትና ሦስት ወሩ። የእኔ በየወሩ ነው። ወር በገባ በ12፣ በሚካኤል፣ ቤተ ክርስቲያን ስሜ ስመለስ እወጋለሁ። ለቢ12 ቀኑ 12 መሆኑ ገጥሞ ነው እንጂ አስቤበት አይደለም፤ ግን አንድም ወር አልረሳሁም። የእግሬ መደንዘዝ በአምስት በስድስት ወር ቀስ ብሎ ለቀቀኝ። የግራ እግሬ ትንሿ ጣት ግን እስካሁን የኔ አትመስለኝም።

ጾሙስ?

ጎጃም ውስጥ ስለ ምግብ ሲጻፍ ይህ ካልተነሳ ውሸት ነው። ቢ12 በተፈጥሮ የሚገኘው በሥጋ፣ በጉበት፣ በእንቁላል፣ በወተትና በዓሣ ውስጥ ነው። ጎመኑ፣ ሽሮው፣ ምስሩ የለውም። የዐቢይ ጾም ብቻ 55 ቀን ነው። ሌሎቹ አጽዋማት ከረቡዕና ዓርብ ጋር ሲደመሩ ምእመኑ የሚጾመው በዓመት 180 ቀን ያህል ይሆናል። ጉበታችን ቢ12 ለዓመታት ያከማቻል፤ ስለዚህ ጤነኛ ሰው ብዙም አይሰማውም። ጉድለቱ ዘግይቶ የሚገለጠውም ለዚህ ነው።

እኔ የንስሐ አባቴን ይዤ ተመካከርኩ። «አባ፣ ልጹም ወይስ ልተው?» ስላቸው፣ «የታመመ ሰው እንዲጾም ማን አዘዘህ?» ብለው ተቆጡኝ። ሕመሙ ሲነሳብኝ አልጾምም። ሲሻለኝ እጾማለሁ፤ ቢ12ቱን መርፌው ስለሚሰጠኝ ጾሙ በዚያ በኩል አይጎዳኝም። መርፌ የማይወስድ ሰው ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው 2.4 ማይክሮግራም ነው። አንድ እንቁላል ግማሽ ማይክሮግራም ያህል፣ አንድ ብርጭቆ ወተት ከአንድ ትንሽ የሚበልጥ ይሰጣል። የጣና ቆሮሶ ዓሣም ጥሩ ነው። በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለአባቶች እተወዋለሁ። ወተት የሚነፋው ሰው እርጎና አይብ ይሞክር። ጥሬ ሥጋና ያልተፈላ ወተት ግን፣ የበሽታ መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት ለሚወስድ ሰው አይሆንም። ይህን ስጽፍ አጎቴ ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ።

ጎመኑን አትጭመቁት

ባለቤቴ ጎመን የምትሠራው እንደ እናቷ ነበር። ከትፋ፣ በብዙ ውኃ ለረጅም ሰዓት ቀቅላ፣ በእጇ ጥብቅ አድርጋ ትጨምቀዋለች። አረንጓዴው ውኃ ይደፋል። ፎሌትና ቫይታሚን ሲ ውኃ ውስጥ የሚሟሙ፣ ሙቀት የሚጎዳቸው ናቸው። ግማሹን ቫይታሚን ለደጃፉ አፈር ስናበላ ኖረናል ማለት ነው።

አሁን እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሳይከተፍ ይታጠባል። ወፍራሙ አገዳ ይወጣል፤ አንጀቱ የጠበበበት ሰው ላይ ተጠቅልሎ ሊዘጋ የሚችለው እሱ ነው። ቅጠሉ ደቀቅ ተደርጎ ይከተፋል። ሽንኩርቱ በዘይት ከተቁላላ በኋላ ጎመኑ ገብቶ፣ አንድ ሲኒ ውኃ ተጨምሮ፣ ተከድኖ እስኪለሰልስ ብቻ ይቆያል። ውኃው እዚያው ይመጠጣል። ዘይቱ ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ በጎመን ውስጥ ያለው የኤ ምንጭና ቫይታሚን ኬ ያለ ቅባት አይሰረጉም። ከእሳት ሲወርድ ግማሽ ሎሚ ይጨመቅበታል። ሎሚው የእህልና የቅጠል ብረት በደንብ እንዲሰረግ ያግዛል።

ስለ ብረት ካነሳን፦ «ቀይ ጤፍ ደም ይሆናል» የሚባለውን አልንቅም። ጤፍ ብረት አለው። ነገር ግን ከሚለካው ብረት የተወሰነው በአውድማ ላይ ከአፈር የተቀላቀለ ነው፤ የአፈሩን ብረት ሰውነት ብዙም አይጠቀምበትም። ደም እየፈሰሰው ቀይ ጤፍ እየበላ የሚጠብቅ ሰው ጊዜ ያጠፋል። ቡናና ሻይም ብረትን ስለሚይዙት ከማዕድ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይራቁ። አቦሉን ከእንጀራው ማለያየት ቤታችን ውስጥ ከኦፕራሲዮኑ የባሰ ጠብ አስነስቷል። የብረት ክኒን ሆድ ካመሰባችሁ ለሐኪም ንገሩ፤ በደም ሥር የሚሰጥ አለ።

ሕመሙ ሲነሳ

ያኔ ስለ ቫይታሚን ብዙ አትጨነቁ። ዋናው ምግብ ሆድ ውስጥ እንዲቆይ ነው። እኔ አልጫ የክክ ፍትፍት፣ የተላጠ ድንች ቅቅል፣ እንቁላል፣ አጥሚት እበላለሁ። በርበሬው በሽታውን አያመጣውም፤ ግን ያንገበግባል። ክክና ስስ ሽሮ ገለባ ስለሌላቸው ለጠበበ አንጀት ይሻላሉ፤ ፎሌትም አላቸው። ቆሎና የበቆሎ እሸት ለእኔ ተከልክለዋል። ደንበኛ ሱቄ ውስጥ ቆሎ ሲቆረጥም ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ። አትክልት ጥሬውን ካልቻላችሁ የበሰለ ካሮት፣ ፓፓያና ከቆጋ መስኖ የሚመጣው አቮካዶ ይስማማሉ። ተቅማጡ ከበረታ የሕይወት አድን ንጥረ ነገር ዱቄቱን በጥብጣችሁ ጠጡ።

ፀሐይ

ጎጃም ውስጥ ቫይታሚን ዲ ያጥረኛል ብዬ አስቤ አላውቅም። ግን ቀኑን ሙሉ ጣሪያ ሥር ነኝ። በመስኮት መስታወት የሚገባው ፀሐይም ቫይታሚን ዲ አይሠራም። የሚሠራው ጨረር መስታወት አያልፍም። አሁን ከረፋዱ 4 ሰዓት አልፎ፣ ጥላዬ ከቁመቴ ሲያጥር፣ በርጩማዬን ደጅ አውጥቼ እጅጌዬን ሰብስቤ ቁልፍ እተክላለሁ። ሃያ ደቂቃ ያህል። እስኪያቃጥል አይደለም፤ የበሽታ መከላከያን የሚያዳክመውን አዛታዮፕሪን የሚወስድ ሰው በተለይ ይጠንቀቅ፣ መድኃኒቱ ከቆዳ ካንሰር ሥጋት ጋር ይያያዛል። ሐምሌና ነሐሴ ደመናው ሲከብድ ሐኪሜ ያዘዘልኝን ክኒን እወስዳለሁ።

ክኒን ሲባል ግን ከፋርማሲ ራሳችሁ እየገዛችሁ አትቆልሉ። ኤ እና ዲ ሰውነት ውስጥ ስለሚከማቹ ሲበዙ ይመርዛሉ። ብዙ ቫይታሚን ሲ ራሱ ያስቀምጣል። ቢ ኮምፕሌክስም ሁሉ ቢ12 የለውም፤ ካርቶኑን አንብቡ። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ኤ ያለበትን ክኒንም ጉበትንም ከሐኪም ጋር ተነጋገሩበት። ሜቶትሬክሴት ደግሞ ከእርግዝና ጋር ጨርሶ አይሄድም።

የደንበኞቼን ወገብና ደረት የምጽፍበት ደብተር መጨረሻ ገጹ የኔ ነው። ክብደቴ በየሁለት ሳምንቱ፣ የመርፌ ቀን፣ ሰገራው ስንቴ እንደሆነ፣ ደም እንዳለው። ለቀጠሮ ስሄድ ደብተሩን ይዤ እሄዳለሁ። የደም መጠን፣ ብረት፣ ቢ12፣ ፎሌት፣ ዲ እንዲለካልኝም እጠይቃለሁ። ሁሉም ሁልጊዜ አይገኝም፤ ያልተለካውን ባዶ እተወውና በሚቀጥለው እጠይቃለሁ። ባለፈው ሐኪሙ ገጹን ገልብጦ የአንዲት ሙሽራ የቀሚስ ልኬት አነበበና፣ «ወገብህ 62 ሆነ እንዴ?» ብሎ ደነገጠ።