ባሌ ተራሮች ስትመጡ እነዚህን አታድርጉ

ባለፈው ሳምንት ሳነቴ በሚባለው ከፍተኛ አምባ ላይ ያየሁት ነገር ነው ይህን ያስጻፈኝ። አንድ ቀይ ቀበሮ ሆዱን መሬት ላይ ለጥፎ እያደባ ነበር። ከፊታችን ከቆመው መኪና አራት ሰዎች ወረዱ። ስልካቸውን ዘርግተው ወደ እሱ መራመድ ጀመሩ። ቀበሮው ተነሳና ሄደ። እነሱም «ውይ፣ አመለጠን» ብለው ተመለሱ።

አስጎብኚ ነኝ። ይህን ስንት ጊዜ እንዳየሁ አልቆጥረውም። የዛሬው ጽሑፌ ግማሹ ስለዚህ አንድ ስህተት ነው።

ቀበሮውን በእግር መከተል

ሰው ቀበሮው ፈርቶ የሸሸ ይመስለዋል። ምሳውን እንዳሳጣው አያውቅም። ቀይ ቀበሮ በመንጋ ይኖራል፤ የሚያድነው ግን ለብቻውና በቀን ነው። እዚህ ዋና ምግቡ ግዙፉ ፍልፈል ነው። ይህ ፍልፈል ከባሌ ተራሮች በቀር በዓለም ላይ የትም የለም። ወደ አንድ ኪሎ ይጠጋል። ዓይኖቹ ያሉት አናቱ ላይ ስለሆነ ሰውነቱ ከጉድጓዱ ሳይወጣ ዙሪያውን ያያል። ቀኑን በአብዛኛው ከመሬት በታች ነው የሚያሳልፈው። ሣር ሊበላ ለጥቂት ጊዜ ብቅ ይላል፤ ያኔም ከጉድጓዱ አፍ አይርቅም። በዚያ ላይ ጠባቂ አለው። አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ እሱ ከቆፈረው አፈር ነፍሳት ትለቅማለች። አደጋ ስታይ ትጮኻለች፤ እሱም ወዲያው ይገባል።

ስለዚህ ቀበሮው ያለው መላ አንድ ነው፤ ሳይንቀሳቀስ መጠበቅ። እኔ ግማሽ ሰዓት ሲጠብቅ አይቻለሁ። እናንተ በር ጓ አድርጋችሁ ሦስት እርምጃ ስትራመዱ ያ ሁሉ ልፋት ገደል ይገባል። ቡችሎች የሚወለዱት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው። ዝናቡ አቁሞ እንግዳ የሚበዛውም በዚያው ሰሞን ነው። በቀን አሥር መኪና እንዲህ ካደረገ ለቡችሎቹ ምን ይዞ ይገባል?

እኔም አድርጌዋለሁ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ እንግዳ «ትንሽ ብቻ ልጠጋ» ሲለኝ እሺ አልኩት። የምታደባዋ እናት ነበረች፤ ጡቷ ያስታውቃል። ተነስታ፣ አንዴ ዞራ አይታን ሄደች። እስካሁን ይቆጨኛል።

ሞተር አጥፉ። ከመኪና አትውረዱ። መስኮቱን ዝቅ አድርጉና ዝም በሉ። ብዙ ጊዜ ራሱ መንገዱን አቋርጦ በአጠገባችሁ ያልፋል።

ውሻ ይዞ መምጣት

በፍጹም! በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 ገደማ ናቸው። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እዚህ ባሌ ናቸው። በጅምላ የሚፈጃቸው ከውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003፣ በ2008 እና በ2014 ገብቶባቸው ብዙዎቹን ገድሏል። ከ2018 ጀምሮ ለቀበሮዎቹ በሚበላ ነገር ውስጥ ተደርጎ ክትባት ይሰጣቸዋል። ሰዎች ለዚህ ሌሊቱን በብርድ ያድራሉ። እናንተ ደግሞ «ያሳዝናሉ» ብላችሁ ለእረኞች ውሾች ከመኪና አጥንት ስትወረውሩ፣ ውሾቹን ቀበሮው ወደሚውልበት መንገድ ትጠራላችሁ።

«ቀበሮማ እኛም አገር አለ» ማለት

ስሙ ነው ያሳሳታችሁ። ዝምድናው ከቀበሮ ይልቅ ከተኩላ ጋር ነው። በኦሮምኛ «ጀዴላ ፈርዳ» ይሉታል፤ የፈረስ ቀበሮ እንደማለት ነው። የወለደች ፈረስን እየተከተለ የእንግዴ ልጇን ስለሚበላ ነው ይላሉ።

ሳነቴ ላይ መብረር

ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ የሚያልፈው በቀበሮዎቹ ቤት መሃል ነው። መኪና የገጨው ቀበሮ አንስቼ አውቃለሁ። ቀስ በሉ።

በአንድ ቀን ከአዲስ አበባ ቱሉ ዲምቱ

የቱሉ ዲምቱ ተራራ ከፍታው 4,377 ሜትር ነው። ራስ ምታቱና ማቅለሽለሹ ጉዞውን ያበላሽባችኋል። መጀመሪያ ዲንሾ እደሩ። የደጋ አጋዘኖቹን ጠዋት እዚያው ታገኟቸዋላችሁ፤ ሰው ስለለመዱ ግን ለፎቶ አትጠጓቸው። ወፍራም ጃኬት ያዙ። በበጋ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል።

የሐረናን ጫካ በመስኮት አይቶ መመለስ

ይህኛው ያሳዝነኛል። ቅዳሜና እሁድ የሚመጡ ወጣቶች ሳይ ደስ ይለኛል፤ ግን ቀበሮ ካዩ በኋላ መኪናቸውን ያዞራሉ። ከሳነቴ ወደ ደቡብ ስትወርዱ መጀመሪያ አስታ የሚባለው ዛፍ ይመጣል፤ ግንዱ ሽበት በቅሎበት፣ በጭጋግ ተሸፍኖ። አስታ በበጋ እንደ ክብሪት ነው፤ የሲጋራ ቁራጭ እንዳትጥሉበት። የሪራን መንደር አልፋችሁ ጫካው ውስጥ ትገባላችሁ። ቀርቀሃው ውስጥ የባሌ ጦጣ አለች፤ ምግቧ በአብዛኛው የቀርቀሃ ቅጠል ነው፤ ዳቦ አትስጧት። ዝቅ ስትሉ ማንም ያልተከለው ቡና በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር በራሱ በቅሎ ታያላችሁ።

አንዳንዱ አንድ ሰዓት ዞሮ «አንበሳው የታለ?» ይለኛል። አንበሳ አለ። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት በዓይኔ ያየሁት ሁለት ጊዜ ነው፤ ድምፁን ግን ብዙ ሌሊት ሰምቻለሁ። ጫካ በጆሮ ነው የሚጎበኘው።

እዚያው ጫካ ውስጥ ካቻ በሚባለው ማደሪያ ድንኳን ተክላችሁ አንድ ሌሊት እደሩ። ሊነጋጋ ሲል ጉሬዛዎቹ ይጀምራሉ። መጀመሪያ አንዱ ይጮኻል፤ ከዚያ ከማዶ ሌላው ይመልስለታል። በዚያ ሰዓት ሙዚቃ አትክፈቱ።