የቦብካቱ ብሩሽ ቶሎ እንዳያልቅ

አስፋልት ከመነጠፉ በፊት አቧራውን የምጠርገው በቦብካት፣ ማለትም በትንሿ የጫኝ ማሽን ፊት በሚገጠም ተሽከርካሪ ብሩሽ ነው። ብሩሽ ቶሎ የሚያልቀው መሬት ላይ በጣም ሲጫን ነው። ፀጉሩ ይታጠፍና በጫፉ መጥረጉ ቀርቶ በጎኑ ይፈጫል።

እንዲህ ለኩት። አቧራማ ሜዳ ላይ ቁሙ። ብሩሹን አውርዳችሁ፣ ሳትንቀሳቀሱ ለግማሽ ደቂቃ ያህል አሽከርክሩት። ከዚያ አንሱትና ምልክቱን እዩ። ስፋቱ ከ5 እስከ 10 ሳንቲሜትር ከሆነ ልክ ነው። ከሰፋ ትንሽ ከፍ አድርጉት። በአንድ በኩል ከጠበበ ብሩሹ አዘንብሏል።

ማታ ማታ ሞተር አጥፍቼ ዘንጉ ላይ የተጠመጠመውን ሽቦና የማዳበሪያ ክር እቆርጣለሁ። የሃይድሮሊክ ቱቦ የሚያፈስ ከመሰላችሁ፣ አደራ፣ በእጅ አትዳስሱት! በግፊት የሚወጣ ዘይት ቆዳ ይበሳል። በካርቶን ፈልጉት። ስታሳድሩት ደግሞ ፀጉሩ ላይ አይቁም፤ እንጨት ደግፉለት።